«ይኼንንማ ልጃችንም ይሥለዋል»፦ የረቂቅ ሥዕል ዋጋው ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ «ለአዲሱ ቤታችን ሳሎን አንድ ትልቅ ሥዕል ለመግዛት ከባለቤቴ ጋር ሦስት ጋለሪ ዞርን። እኔ የወደድኩት 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ50 የሆነ፣ ሰውም ዛፍም የሌለበት፣ ቀይና አመድማ ቀለም የተደራረበበት ሥዕል ነው። 90 ሺህ ብር ተብሏል። ባለቤቴ ‹ይኼንንማ የስድስት ዓመቱ ልጃችንም ይሥለዋል› ብሎ ሳቀ። ሥነ ጥበብ የተማረው ወንድሜ ደግሞ ‹ያልገባህ ስላልተማርክ ነው፣ ይኼ ትልቅ ጥበብ ነው› ይለዋል። የቱ ነው ልክ? አብስትራክት (ረቂቅ ሥዕል) እውነት ጥበባዊ ዋጋ አለው ወይስ ፋሽን ነው? ብንገዛውስ ያዋጣናል?»

ምላሽ፦ ባለቤትዎና ወንድምዎ የሚከራከሩት በአንድ ጉዳይ ላይ አይደለም። አማርኛችን «ዋጋው ስንት ነው?» እና «ዋጋ አለው ወይ?» ለሚሉ ሁለት የተራራቁ ጥያቄዎች አንድ ቃል ስለሚጠቀም ነገሩ ይደበላለቃል። ባለቤትዎ የሚያነሡት የእጅ ሙያን ነው፤ ወንድምዎ ታሪክንና ዕውቀትን፤ እርስዎ ዓይንዎ የወደደውን፤ የመጨረሻው ጥያቄዎ ደግሞ ገበያን። አራቱን ለያይተን ስናያቸው አብዛኛው ጭቅጭቅ ይረግባል። የሚተርፈው የእውነት የአመለካከት ልዩነት ነው፤ እሱን ማንም ባለሙያ ሊዳኝልዎ አይችልም።

በባለቤትዎ ልጀምር። «ልጅም ይሥለዋል» ማለት ሊፈተን የሚችል አባባል ነው፣ ተፈትኗልም። በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቦስተን ኮሌጅ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የታወቁ ረቂቅ ሠዓልያንን ሥራ ሕፃናት፣ ቺምፓንዚዎችና ዝሆኖች ከቀቡት ጋር ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ለተማሪዎች አሳዩ። «የትኛው የተሻለ ሥራ ነው?» ሲባሉ ተማሪዎቹ ከመቶ ከ60 እስከ 70 ለሚሆነው የሠዓሊውን መረጡ፤ የሥነ ጥበብ ትምህርት የሌላቸውም፣ የሠሪው ማንነት በሥዕሎቹ ላይ ተገለባብጦ ሲለጠፍም ጭምር። ውጤቱ ባለቤትዎን ይረታል፤ ዓይን ሳያውቀው ሐሳብ ያለበትን እጅ ይለያል። ወንድምዎንም ግን አያስፎክርም፣ ከአሥር ጊዜ ሦስት አራቱን መሳሳት ትንሽ አይደለምና። ባለቤትዎ ደስ እንዲላቸው ይኼንንም ልጨምር፦ በ1964 በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ «ፒየር ብራሶ» የተባለ አዲስ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ሥራዎች ለእይታ ቀርበው አንድ ሃያሲ በጋዜጣ አወድሷቸው ነበር። ብራሶ የመካነ እንስሳት ቺምፓንዚ ነበር።

ሆኖም መታለል የረቂቅ ሥዕል ብቻ ዕጣ አይደለም። በ1937 የሮተርዳም ቦይማንስ ሙዚየም የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ሠዓሊ የቬርሜር ሥራ ነው ብሎ በከፍተኛ ገንዘብ የገዛው ሥዕል ክርስቶስን በማዕድ ዙሪያ የሚያሳይ፣ ፊትና እጁ ሁሉ በግልጽ የሚታይ ነው፤ የሣለው ግን በዘመኑ የነበረው አስመሳይ ሃን ቫን ሜሄረን ነበር። ባለሙያ የሚሳሳተው ስምና ወሬ ከዓይኑ ሲቀድም ነው፤ ሥዕሉ ሰው ይኑረው አይኑረው ለውጥ አያመጣም።

ልጅና ሠዓሊ የሚለያዩበት ቦታ ሌላ ነው። የልጅ ሥዕል መቼ እንደሚያልቅ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚያነሣው ወላጅ ነው። ትንሽ ቢቆይ ልጁ ራሱ በላዩ ላይ ቀብቶ ያጠፋዋል። ሠዓሊ ግን የት መቆም እንዳለበት ይወስናል፣ ያንኑ ጥራት በሁለተኛውና በሠላሳኛው ሸራ ላይም ሊደግመው ይችላል። ስለዚህ አንድ ሸራ ብቻ አይቶ «ልጅም ይሥለዋል» ማለትም ሆነ «ድንቅ ነው» ማለት ሁለቱም ችኩልነት ነው። ይኼን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ግዢው ስንመጣ እመለስበታለሁ።

ቀላል የሚመስል ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ከአሜሪካዊው ሠዓሊ ከባርኔት ኒውማን ሥዕል የተሻለ ምሳሌ የለም። በአምስተርዳም ስቴደሊክ ሙዚየም የሚገኘው «ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊን ማን ይፈራል?» ቁጥር ሦስት ከ5 ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ከዳርና ከዳር ካሉት ቀጫጭን መስመሮች በቀር ከጫፍ ጫፍ ቀይ የሆነ ሸራ ነው። በ1986 አንድ ሰው በቢላዋ ዘነጠለው። ተጠግኖ በ1991 ሲመለስ ግን ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ ጥገናው ቀዩን በአዲስ ቀይ ሸፍኖታል፣ በስሱ ተደራርቦ ይርገበገብ የነበረው ቀለም እንደ ተቀባ ግድግዳ ደርቆ ቀርቷል ተባለ። ቀይ ቀለም በቆርቆሮ ይገዛል፤ ጥልቀት ያለው ቀይ ግን በንብርብር ብዛት፣ በቀለሙ መቅጠንና በብሩሹ ጉዞ የሚሠራ ነው። እርስዎ የወደዱት ሥዕልም ቀይ በአመድማ ላይ የተደራረበበት ከሆነ መመርመር ያለበት በዚሁ በኩል ነው።

ወንድምዎ ደግሞ የታሪክን ዋጋ ከሥዕሉ ዋጋ ጋር ያቀላቅላሉ። ከረቂቅ ሥዕል ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ማሌቪች በ1915 በሩሲያ ፔትሮግራድ ያሳየው «ጥቁር አራት ማዕዘን» ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ጎን ያላት ሸራ ናት። በ2015 የሞስኮው ትሬትያኮቭ ጋለሪ ባደረገው ምርመራ ከጥቁሩ ሥር ሌሎች ባለ ቀለም ቅንብሮች ተገኝተዋል፤ ጎኖቿም በጥንቃቄ ለሚያይ ፍጹም ቀጥ ያሉ አይደሉም። ይሁንና የሥዕሏ ክብደት በእጅ ሙያዋ አይደለም፤ ሥዕል ያለ ምስል ሊቆም ይችላል የሚለውን ሐሳብ በዚያ ሰዓት እስከ መጨረሻው ስለገፋች ነው። ያ ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነው። ዛሬ ጥቁር ሸራ ሰቅሎ «እንደ ማሌቪች» የሚል ሻጭ የባለቤትዎ ሳቅ ይገባዋል። ታሪክ ሠርቷል የሚባለው ዘዴ ለተከታዮቹ ሁሉ ክብር አያወርስም፤ ብዙ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

ደብዳቤዎ ላይ ባይጻፍም በየሳሎኑ የሚነሣ አንድ ክስ አለ፦ «ይኼ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ አይደለም»። ሐረር በ1932 የተወለደው ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስና በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ሲያሳይ የተነሣበት ክርክር ይኸው ነበር። የሚረሳው ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ነገር ነው። በሥነ ጥበብ ዘርፍ በ1964 ለአፈወርቅ ተክሌ፣ በ1965 ለገብረ ክርስቶስ፣ በ1967 ለእስክንድር ቦጎሲያን ተሰጠ። ሰውን በግልጽ የሚሥል፣ ምስልን ከነአካቴው የሚተው፣ በሁለቱ መካከል የሚንሳፈፍ ሦስት ሠዓልያን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ መድረክ ላይ ከበሩ። «ወይ ይኼ ወይ ያ» የሚለው ጭቅጭቅ ያኔም የሠዓልያኑን ሥራ አልመራም።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ «እኛማ ከፈረንጅ በፊት ጠልሰም ነበረን፣ አብስትራክት የእኛ ነው» የሚል ፉከራ አለ። ይኼም መታረም አለበት። የጠልሰም ብራና ዓይኖች፣ መረቦችና ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቦች በእርግጥ ዓይንን የሚይዝ ንድፍ ናቸው፤ እስክንድርም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ከዚያ ጠጥተዋል፤ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም ፊደላችንን እየበታተነ ሸራውን ይሠራል። ነገር ግን ጠልሰም የተሠራው ለውበቱ ተብሎ እንዲታይ አልነበረም። ለበሽተኛው ቁመት ተለክቶ የሚዘጋጅ፣ ክፉ መንፈስን ያርቃል ተብሎ የሚያዝ መድኃኒት ነበር። ዘመድ ነው እንጂ አባት አይደለም።

አሁን ወደ ትርጉም። ሐበሻ ተመልካች ከሌላው የሚለየው በአንድ ነገር ነው ብል አልተሳሳትኩም፦ ሰምና ወርቅ ለምዷል። ቀይ ነጠብጣብ ሲያይ ደም፣ ቢጫ ሲያይ አደይ አበባ፣ አግድም መስመር ሲያይ ድንበር ያደርገዋል፣ ወርቁን አገኘሁት ብሎ ይሄዳል። አንዳንድ ሠዓሊም ይኼን ስለሚያውቅ ሥዕሉን «ተስፋ» ወይም «ስደት» ብሎ ይሰይመውና ሥራውን ለስሙ ይተዋል። ብዙ ረቂቅ ሥዕል ግን ሥሩ የተቀበረ ወርቅ የለውም፤ ያለው ሁሉ ላዩ ላይ ነው። ክራር ያለ ግጥም ትዝታ ሲመታ «ምንን ነው የሚያሳየው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ልብ ግን ይነካል። ንጽጽሩ የሚሠራው እስከዚህ ድረስ ነው። ትዝታን ከልጅነታችን እየሰማን ስላደግን ጆሯችን የሠለጠነ ነው፤ ለሸራ ግን እንዲህ ያለ አስተዳደግ አብዛኞቻችን የለንም። ስለዚህ «አልገባኝም» ማለት ነውር አይደለም፤ «አልገባኝምና ባዶ ነው» ማለት ግን ስህተት ነው። ወንድምዎም «አልተማርክም» ብለው ሰው ከማሸማቀቅ ይልቅ ጣታቸውን ወደ ሸራው ቀስረው የሚያዩትን ቢያሳዩ ይሻላቸዋል። ማሳየት ካልቻሉ የሚከራከሩት ለሥዕሉ መሆኑ ያጠራጥራል።

እንግዲህ ያቺን 1.20 በ1.50 ሸራ እንፈትሽ። ሻጩ እንዳይናገር ይለምኑት፣ የሠዓሊው ስም የተጻፈበትን ወረቀትም አይመልከቱ። መጀመሪያ 4 ሜትር ያህል ርቀው፣ ቀጥሎ 2 ሜትር ላይ፣ በመጨረሻ አንድ ክንድ ያህል ቀርበው ይዩት፤ በአጠቃላይ 10 ደቂቃ ይስጡት። ከሩቅ ያለው ነገር ከቅርብ ሲታይ ሌላ ነገር ካልጨመረ ሥዕሉ የግድግዳ ጌጥ ነው። ጌጥ መሆን ወንጀል አይደለም፣ በጌጥ ዋጋ ይገዛ እንጂ። ከዚያ ማዕዘኖቹን ይመልከቱ። ደካማ ሠዓሊ መሃሉን ሞልቶ ጫፎቹ ላይ ይደክመዋል፤ አራቱ ማዕዘን በግድየለሽነት ተቀብቶ ከቀረ መጥፎ ምልክት ነው። በመዳፍዎ አንዱን ጎላ ያለ ቅብ ይሸፍኑት፦ ሲሸፈን ሌላው ሁሉ ከተናጋ ቅንብሩ ታስቦበታል፤ ምንም ካልተለወጠ ያ ቅብ ለምን እዚያ እንደ ተቀመጠ ሠዓሊውም አያውቅም።

በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት፣ ይገልብጡትም። በጥቁርና ነጭ ሥዕሉ ጸንቶ ከታየ በብርሃንና በጨለማ ተገንብቷል ማለት ነው። ወደ አንድ ዓይነት አመድማ ከወረደ ግን ወይ ሠዓሊው ሁሉን ነገር በቀለም ንዝረት ላይ ጥሎታል (የአሜሪካዊው ረቂቅ ሠዓሊ የሮትኮ ሥራዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው)፣ ወይ ነገሩን አላሰበበትም። የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎ ቀለሙ ነው፤ ከቱቦ እንደ ወጣ የተቀባ ቀይ ይጮኻል እንጂ አይነዝርም። ተገልብጦም ያው የሆነ ሥዕል ላይ ደግሞ አይፍረዱ፤ ሆን ብለው ላይና ታች የሌለው ሥራ የሚሠሩ አሉ።

ከሁሉም ፈተና ግን የሚበልጠው ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነው፦ የዚያኑ ሠዓሊ ሌሎች 10 ሥራዎች ለማየት ይጠይቁ። አሥሩም አንድ ዓይነት ቅብ በተለያየ ቀለም ከሆኑ የገበያ ቀመር አግኝቷል ማለት ነው። አሥሩም በፍጹም የማይተዋወቁ ከሆኑ ገና እየፈለገ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው ይሁን። አንድ ጥያቄ አንሥቶ በየሸራው ሌላ መልስ የሚሰጥ ከሆነ ባለቤትዎ ሊያሸንፉ የማይችሉት ማስረጃ በእጅዎ ገባ። «መጀመሪያ ሰው መሣል ይችላል ወይ?» የሚለውን ፈተና ግን ይተዉት። ሞንድሪያን ዛፍ፣ ካንዲንስኪ መልክዓ ምድር ሲሥሉ ኖረው ነው ወደ ረቂቅ የመጡት፤ ነገር ግን ጥሩ ፊት የሚሥል ሁሉ ጥሩ ረቂቅ አይሠራም፣ የተገላቢጦሹም እውነት ነው።

ቀጥሎ ሥዕሉን አዙረው ጀርባውን ይዩ። ይኼን የሚያደርግ ገዢ ጥቂት ነው፣ ገንዘብ የሚጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው። ሸራው ስስ አቡጀዴ ሆኖ ቀለሙ ወደ ኋላ ዘልቆ ካዩ በጌሶ (ከቀለም በፊት ሸራው ላይ በሚቀባው ልባስ) በደንብ አልተለበጠም፤ የዘይት ቀለም ከሆነ የተልባ ዘይቱ ጨርቁን ቀስ በቀስ ያሻግተውና ያደርቀዋል። በ1.50 ሜትር ሸራ ላይ መወጠሪያው እንጨት መሃል ላይ ማጠናከሪያ ከሌለው ይጣመማል። ንብርብሩንም ይጠይቁ፦ በአክሪሊክ (በውሃ በሚቀጥን፣ ቶሎ በሚደርቅ ቀለም) ላይ የዘይት ቀለም መደረብ ይቻላል፤ በዘይት ላይ አክሪሊክ ከተደረበ ግን አይጣበቅም፣ ጊዜ ጠብቆ እንደ ቅርፊት ይነሣል። በዘይት ሥራም ዘይት የበዛበት ንብርብር ሁልጊዜ ከላይ መሆን አለበት፤ ቶሎ የሚደርቀው ዘግይቶ በሚደርቀው ላይ ከተቀባ ከሥር ያለው ሲንቀሳቀስ የላዩ ይሰነጠቃል። ወፍራም የዘይት ቅብ ላዩ ቆዳ አውጥቶ ውስጡ ለወራት እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ የተልባ ዘይቱ ሽታ ገና የሚከረፋ ከሆነ አልደረቀም፣ ቫርኒሽም ሊቀባ አይገባውም። ሸራው ትልቅ ሲሆን ወጪ ለመቀነስ የግድግዳ ቀለም የሚቀላቅሉ አሉ። ታዋቂው አሜሪካዊ ረቂቅ ሠዓሊ ፖሎክም የቤት ቀለም ተጠቅሟል የሚል መልስ ይሰጡዎታል፤ እውነት ነው፣ የእሱን ሥራዎች የሚንከባከቡት ግን የጥገና ባለሙያ ያላቸው ሙዚየሞች ናቸው።

ቀይ ስለሆነም አንድ ማስጠንቀቂያ። ሮትኮ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሠራቸውና በ1964 የተሰቀሉት አምስት ትልልቅ ሥዕሎች ሊቶል ሬድ የተባለ ርካሽ ቀይ ነበረባቸው፤ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ስለተሰቀሉ ቀይነቱ ረግፎ በ1979 ወርደው ተከማቹ። በ2014 ዩኒቨርሲቲው እንደገና ሲያሳያቸው ሸራውን ሳይነካ የጎደለውን ቀለም በብርሃን እያበራ ነበር። ሠዓሊውን የቀለሙን ማምረቻ ስምና ዓይነት ይጠይቁት። «ከመርካቶ» ብቻ ካለዎት ዋጋው ይቀነስ።

«ያዋጣናል ወይ?» ላሉት መልሴ አጭር ነው፦ አያዋጣም ብለው ያስቡ። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ሥራ በ2023 ኒውዮርክ ላይ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ሻጮች ማንሣት ይወዳሉ፤ ያ ዋጋ በአሠርት ዓመታት ትርኢት፣ በሙዚየሞችና በዓለም አቀፍ ጨረታ የተገነባ እንጂ ረቂቅ ሥዕል በመሆኑ የመጣ አይደለም። ገበያ የጥራት ዳኛም አይደለም። ኖድለር የተባለው ጥንታዊ የኒውዮርክ ጋለሪ በ2011 እስኪዘጋ ድረስ በዚያው ከተማ ኩዊንስ ውስጥ የሚኖር አንድ ሰው የሣላቸውን የሮትኮና የፖሎክ አስመሳይ ሥራዎች በጠቅላላው ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል፤ አንዱ ላይ የፖሎክ ፊርማ አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር። ስለዚህ ነገ መልሰው አንድ ብር ባያገኙበት እንኳ የማይቆጩበትን ያህል ብቻ ይክፈሉ። ደረሰኙ ላይ የሠዓሊው ስም፣ የሥዕሉ ስም፣ ዓመቱ፣ መጠኑና የቀለሙ ዓይነት ይጻፍ፤ የሠዓሊው ፊርማ ያለበት ፎቶም ይያያዝ።

ምክሬ ይኸውና። በዚህ ሳምንት አይግዙት። ከባለቤትዎ ጋር ስድስት ኪሎ አካባቢ ወዳለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ይሂዱና አንድ ሰዓት ያሳልፉ፤ የሚያወዳድረው ነገር ያላየ ዓይን መፍረድ አይችልም። ከዚያ ወደ ጋለሪው ሁለት ጊዜ ይመለሱ፣ አንዱን ብቻዎን፣ ሌላውን ከእሳቸው ጋር፤ በተለያየ የቀን ብርሃን ይሁን። ጀርባው ጤነኛ ከሆነ፣ አሥሩ ሥራዎች ካሳመኑዎትና በሦስተኛው ጉብኝት በመጀመሪያው ያላዩትን ነገር ካዩበት ይግዙት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ይተዉት፣ ወንድምዎ ምንም ቢሉ። ባለቤትዎ ያን ሁሉ አይተው አሁንም ካልወደዱት ደግሞ ያለ መውደድ መብታቸው ነው፤ በየቀኑ የሚያዩት እሳቸውም ናቸውና ከዚያው ሠዓሊ አነስ ያለ የወረቀት ሥራ መርጠው ለመኝታ ቤትዎ ይውሰዱ።

ከገዙት መሃሉ ከወለሉ 1.50 ሜትር አካባቢ ይሰቀል፣ ከመስኮት ፊት ለፊት አይሁን። ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ጥግ ያርቁት፤ አክሪሊክ ከደረቀ በኋላም ለስለስ ስለሚል ጥቀርሻው ውስጡ ይገባል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ያራግፉ፣ የቤት ሠራተኛዋም እርጥብ ጨርቅ እንዳታስነካው ከመጀመሪያው ቀን ይንገሯት።